የአኮ ገብስ

መምህር በእውቀቱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስለ እሱ መጀመሪያ የሚያነሳው ዝምታውን ነው። እኔ ግን የሚያናድደኝን ላስቀድም። ኮቱ ኪስ ውስጥ ምንጊዜም ዘር አይጠፋም። ባቄላ፣ ስንዴ፣ ተልባ፣ አንዳንዴም ስሙን የማላውቀው የዱር ፍሬ። ላቦራቶሪ ገብቶ ኮቱን ወንበር ላይ ሲጥለው ወለሉ ላይ ይዘራል፤ የምጠርገው ደግሞ እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ሙያዬ “የላቦራቶሪ ቴክኒሻን” ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሮቤ ባለችው በዚህች ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ጠርሙስ ከማጠብ ጀምሮ የሚያለቅስ ተማሪ እስከ ማባበል የማልሠራው የለም። ስሜ ፀዳለ ነው። ሁለታችንም የምንኖረው ጎባ ነው፤ ጠዋት በአንድ ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንመጣለን። እኔ አወራለሁ፣ እሱ በመስኮት የስንዴ ማሳ ያያል።

አባቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። የሰው ቃል አንዲት ፊደል ሳትጎድል መገልበጥ እንጀራቸው ነበርና ልጃቸውንም እንደዚያው አድርገው አሳደጉት። ማታ ማታ የተማረውን በቃሉ ያስወጡታል፤ አንድ ቃል ከሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እሱም ትምህርት ማለት የተባለውን መልሶ ማለት ነው ብሎ አደገ። አዲስ አበባ ሄዶ ባዮሎጂ ተማረ፣ በጥሩ ውጤት ተመረቀ፣ ተመልሶ እዚሁ ገባ። ለብዙ ዓመታት ሰሌዳ እየሞላ፣ እየጠረገ፣ እንደገና እየሞላ አስተማረ። ተማሪዎች ይወዱት ነበር። ሃንድአውቱ አጭር ነው፣ ከሃንድአውቱ ውጭ አይጠይቅም፣ በግሬድ አይጨክንም። ከዚህ በላይ ተማሪ ምን ይፈልጋል?

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቡቃያ ሣለ፤ አንዱ የባቄላ፣ አንዱ የስንዴ። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ ስማቸውን አቀያየረው። ስንዴው በሁለት ቅጠል ከመሬት የሚወጣ ሆኖ ቀረ። ማንም ምንም አላለም። ፈተና ሲደርስ ስንዴ ሲበቅል በስንት ቅጠል ይወጣል ብሎ ጠየቀ፣ ክፍሉ በሙሉ “በሁለት” ብሎ መለሰ። እነዚህ ልጆች እኮ የገሰራና የሲናና ገበሬ ልጆች ናቸው፤ ስንዴ ሲያርሙ ነው ያደጉት። ወረቀቶቹን ይዞ ላቦራቶሪ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው። “ፀዳለ፣ ዐይን የነበራቸውን ልጆች አሳወርኳቸው” አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳየው ግን ዐይኑ እንባ አቅርሯል። አንዱን ልጅ ጠርቶ “ስንዴ ሲበቅል አይተህ አታውቅም?” አለው። ልጁም “አይቻለሁ መምህር፤ ግን እርስዎ ያሉት ይበልጣል ብዬ ነው” ብሎ መለሰለት።

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳውን ተወው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍል ገብቶ “ሃንድአውት የለም፤ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። መልሱን እኔም የማላውቀው ይሁን” አላቸው። ልጆቹ ተያዩ። አንዳንዶቹ አመመው እንዴ ብለው እኔን ጠየቁኝ። ኃላፊው ዘንድ ሄደው “መምህሩ አያስተምርም” ብለው የከሰሱትም ነበሩ። የሚያስቀው ደግሞ በዚያው ሰሞን ኮሌጁ ስለ ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴ ሆቴል ተከራይቶ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። መምህራኑ በቡድን በቡድን ተቀምጠው ትልልቅ ወረቀት ላይ በቀለም ሲጽፉ ሰነበቱ፣ ውሎ አበላቸውን ተቀበሉ፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብተው የድሮውን ማስጻፍ ቀጠሉ። ከሥልጠናው ቀርቶ ነገሩን የሠራው እሱ ብቻ ነበር፤ ወቀሳውም የደረሰው ለእሱ ብቻ ነው።

ልጆቹ ግን ቀስ በቀስ ገባቸው። አንዱ የሃረና ልጅ በጫካ የሚለቀም ቡና ጥላ ሲያንሰው ፍሬው ለምን እንደሚያንስ ሊያጣራ ተነሳ። አንዷ የእናቷ የወተት ዕቃ በጭስ ሲታጠን ወተቱ ለምን ቶሎ እንደማይበላሽ ጠየቀች፤ ላቦራቶሪዬ ለአንድ ወር ጭስ ጭስ ሲል ከረመ። እሱ በየጠረጴዛው እየዞረ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ያየኸውን ጻፍ። አልበቀለም ማለትም ውጤት ነው። እኔን ደስ ለማሰኘት ብለህ የጻፍከው ግን ምንም አይደለም።” ውጤት ያሳመረ ልጅ ሲያገኝ አይቆጣም፣ ፊቱ ይጠቁራል እንጂ። ያን ፊት ማየት ከቁጣ ይብሳል።

ኢፍቱ የመጣችው ከዲንሾ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ዐይን ዐይን የምታይ ልጅ። ጥያቄሽ ምንድን ነው ሲላት “አኮዬ የምትዘራው ገብስ ውርጭ አይነካውም ይሉ ነበር፤ እውነት ነው ወይ?” አለችው። አኮ በኦሮምኛ ሴት አያት ናት። ከአያትየው በቀር ያን ገብስ የሚዘራው ሰው አልነበረም፣ ሰፈሩም “ገርቡ አኮ” ይለዋል፣ የአኮ ገብስ። አያትየው ሞቱ፤ ማሳው በምርጥ ዘር ተተካ፤ ምርጡ ዘር ደህና ዓመት ላይ ብዙ ይሰጣል፣ ውርጭ በወረደ ዓመት ግን ሰውን ባዶ እጁን ያስቀራል። የኢፍቱ ታናናሾች እንደዚያ ባለ አንድ ዓመት ትምህርት አቋርጠዋል። እንግዲህ ልጅቷ ስትጠይቅ ለግሬድ አልነበረም የምትጠይቀው።

በእውቀቱ ይህን ጥያቄ ሲሰማ የሆነውን መሆን አይቼበት አላውቅም። በሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ማውራት ጀመረ! ከጎረቤትና ከገበያ የተለያየ ገብስ አሰባሰቡ፣ ዲንሾ በሚገኘው የቤተሰቧ ጓሮ ዘሩት። ጥቅምት ላይ ውርጩ ወረደ። ሁሉም እሳት እንደላሰው ሆነ። ኢፍቱ ያየችውን ጻፈች፤ ቀሪው አንድ ነገር የአኮን ገብስ ማግኘት ነበር። ያለ እሱ ጥያቄዋ ግማሽ ነው።

በዚያው ሰሞን ኃላፊው በእውቀቱን ቢሮ ጠራው። የመውጫ ፈተና መጥቷል፣ ተማሪ ካላለፈ ኮሌጁ ስሙ ይጠፋል፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ የምርምሩ ሰዓት ለፈተና ማለማመጃ ይውላል ተባለ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ከላይ የሚጠይቀው አለ። በእውቀቱ ከቢሮው ሲወጣ ኮሪደር ላይ አገኘሁት። “ይቺ ልጅ ከመለሰችው ይዤው ሄጄ አሳያቸዋለሁ” አለኝ። “ልጆች ከቤታቸው ባመጡት ጥያቄ የቤታቸውን ችግር ሲፈቱ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ይተዉልን ይሆናል።” ሁሉ ነገሩን ገና ባልተገኘ ዘር ላይ እንደጣለ ያኔ ገባኝ።

ዘሩ ያለባትን ቅል ያገኘችው የኢፍቱ እናት ናት፤ በአክብሮት አዴ መሪየም ይሏታል። የአያትየውን አሮጌ ጎጆ ሲያፈርሱ ከምድጃው በላይ ተሰቅላ ተገኘች፣ ውስጧ ገብስ። ከሞታቸው በፊት ከነበረው መኸር የተረፈ መሆን አለበት። ኢፍቱ ስልኩን እንደዘጋች እየሮጠች ላቦራቶሪ ገባች። “እናቴ ራሷ ይዛ ትመጣለች! መምህሬ ያን ገብስ አጥብቆ ይፈልገዋል አልኳት፣ በጣም ደስ አላት።”

“ለዘር እንደሆነ ነግረሻታል?” አላት በእውቀቱ።

“መምህር፣ ገብስ እንደምዘራ ታውቃለች እኮ።”

እሱም ይህ በቃው፤ እኔም በቃኝ። ሁለቱ አፈር ነፉ፣ ፕላስቲክ ማሰሮ አዘጋጁ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስም ለጠፉ። ውርጭ ባለበት ሰሞን ማሰሮዎቹን ወደ ዲንሾ የሚወስድ መኪና ሳይቀር ለመነ፤ በእውቀቱ ሰው ለምኖ አያውቅም። “ለሰርግ የሚዘጋጅ ነው የምትመስለው” ብዬ ቀለድኩበት፤ ሳቀ።

አዴ መሪየም ሐሙስ ቀን መጣች። አዲስ ሻሽ አድርጋለች፣ ጀርባዋ ላይ በንጹሕ ነጠላ የተቋጠረ ነገር አዝላለች። “አከም ጅርቱ በርሲሳ” አለች፤ መምህር ደህና ነዎት ወይ ማለቷ ነው። ጎንበስ ብሎ ተቀበላት፣ በኦሮምኛ ጤናዋን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠየቃት። ኢፍቱ እናቷን አቅፋ ትስቃለች። ከዚያ አዴ መሪየም ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ፈታችው።

ቆሪ ነበር፤ እንግዳ የሚከበርበት የእንጨት ገበታ። እስከ አፉ ድረስ ጭኮ ሞልቶበታል። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ ከላይ በጣት ተስተካክሎ ያብረቀርቃል። ሽታው ላቦራቶሪውን ሞላው።

ኢፍቱ መሳቋን አቆመች። “ሃርሜ፣ ገብሱስ?” አለች በቀጭን ድምፅ፤ እማዬ ማለቷ ነው።

“ይኸው ገብሱ!” አለች እናቷ በኩራት። “ከቅቤው ጋር ደግሞ እንዴት ተስማማ መሰለሽ፤ አኮሽ ራሷ የሠራችው ይመስላል።”

“ሁሉንም?”

“ታዲያ ጎዶሎ ቆሪ ይዤ ልምጣ? ልጄን ሰው ያደረገ ሰው ዘንድ? ጥሬ እህልማ በር ላይ ለቆመ ለማኝ ነው የሚሰፈረው።” ይህን ስትል ወደ በእውቀቱ ዞረች። “ሁለት ቀን ለቀምኩት፤ ጠጠር ካገኙበት እኔን ይውቀሱ።”

እኔ ተናደድኩ። በማን ላይ እንደምናደድ ደግሞ አላውቅም ነበር። አዴ መሪየም ልትወቀስ አትችልም፤ በአገሯ ለሰው የሚደረግ ትልቁን ክብር ነው ያደረገችው። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ ጾም ነው ብሎ ባመካኘ። ሐሙስ ነበር። በእውቀቱ ልጅቷን አንድ ጊዜ አያት፣ ምንም እንዳትናገር በዐይኑ ለመናት፣ ከዚያ ሄዶ እጁን ታጠበ። ተቀምጦ ከጭኮው ቆርሶ በላ። ቀስ ብሎ አላመጠ። ደግሞ ቆረሰ።

“እንዴት ነው?” አለችው አዴ መሪየም።

“እንደዚህ የጣፈጠኝ ነገር የለም” አላት። “እጅዎ ይባረክ።”

ለእኔም አጎረሰችኝ። ለኢፍቱም። ልጅቷ እያለቀሰች ጎረሰች፤ እናትየው አያቷ ትዝ ብላት ነው ብላ አቅፋ ሳመቻት። ማታ በሚኒባስ ስንመለስ በእውቀቱን “እውነት ግን ጣፍጦህ ነበር?” አልኩት። “ጣዕሙን አላውቀውም፤ አፌ ውስጥ አሸዋ ነበር” አለኝ።

ኢፍቱ እናቷን ተከትላ ዲንሾ ሄደች። ቅሏ ታጥባ ፀሐይ ላይ ተደፍታለች። ገብሱ የተለቀመበትን ደጅ በእጇ ዳበሰችው፤ ዶሮዎቹ ቀድመዋታል። ከድንጋይ ሥር፣ ከግድግዳ ስንጥቅ፣ እናቷ ግርድ ነው ብላ ከጣለችው ውስጥ ጥቂት ፍሬ ለቃቅማ በወረቀት ጠቅልላ አመጣች። ቀጫጭን፣ የተጨማደዱ። በእውቀቱ በወረንጦ አንድ በአንድ አንስቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አሰለፋቸው። ሰው በሽተኛ ሲያስታምም እንደዚያ ያደርጋል። ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ መጀመሪያ እነሱን ነው የሚያየው። እኔም ሳይመጣ ቀድሜ ገብቼ አያለሁ፤ ጸሎት አድርጌም አውቃለሁ፣ ለገብስ! አንዷ ፍሬ ጫፏ ያበጠች መስሎን ሁለታችንም እንደ ልጅ ዘለልን። ማበጥ አልነበረም፣ መበስበስ ነበር።

ሁሉም ሻገቱ። ኢፍቱ እስኪርቢቶዋን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች። “መምህር፣ ምን ልበል?” አለችው።

“ያየሽውን።”

“አልበቀለም” ብላ ጻፈች። ከዚያ ጭንቅላቷን ጠረጴዛዬ ላይ ደፍታ አለቀሰች፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ በእውቀቱ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

የጥናቷ ዲፌንስ ግንቦት ላይ ነበር። ልጅቷ በፈታኞቹ ፊት ቆማ የሌሎቹን ገብሶች ውጤት አቀረበች፣ ሲቀጥልም የአኮ ገብስ ዘር እንደጠፋና ጥያቄው ሊመለስ እንዳልቻለ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ፈታኞቹ ጥሩ ሥራ ነው፣ ነገር ግን ያልተሟላ ነው አሉ። ኃላፊውም ራሱን ነቀነቀ፤ በእውቀቱ ይዤው ሄጄ አሳያቸዋለሁ ያለው ነገር በዚያው አበቃ። አዴ መሪየም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ አንድ ቃል ሳይገባት፣ ልጇን እያየች ፈገግ እንዳለች ነበር።

ሲያልቅ በእውቀቱን ጠጋ አለችው። “በርሲሳ፣ እንግዲህ ለመጪው በልግ ከአኮ ገብስ ሁለት እፍኝ ይሰጡኛል። ከአጥሯ ሥር ልዘራላት እፈልጋለሁ።”

በእውቀቱ አያት። “የአኮ ገብስ?”

“እናንተ ዘንድማ አለ አይደል? ይኸን ሁሉ ገብስ በስም በስም ይዛችሁ የእኛ ብቻ ሊጠፋ! እዚህ ባይኖርማ ሁሉንም መች እቆላው ነበር?”

ኢፍቱ ከእናቷ ኋላ ሆና ታየዋለች። ስንት ልጅ ያላየውን በመጻፉ ፊቱን ያጠቆረበት ሰው፣ ለአንዲት ሴት ፈገግታ ሲል “አለ” አላት። “አለ፣ አዴ መሪየም።”

በመስከረም ትምህርት ሲጀመር በእውቀቱ ሃንድአውት ይዞ ክፍል ገባ። የምርምሩ ሰዓት ለፈተና ማለማመጃ ሆኗል። ጥያቄ፣ አራት ምርጫ፣ መልስ። ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል፤ አንድ ዓይነት፣ ከፍ የማይል፣ ዝቅ የማይል። ኮቱን ወንበር ላይ ሲጥለው ወለሉ ላይ የሚወድቅ ነገር የለም። ስጠርገው የሚያናድደኝ ነገር ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በልግ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አዴ መሪየም ቅሏን ታቅፋ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች። ቅሏ ታጥባ፣ በቅቤ ታሽታ ታበራለች። ኢፍቱ አብራት አልመጣችም፤ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ቤት ተቀምጣለች፣ ለእናቷም ምንም አልነገረችም። እኔ ወይዘሮዋን ተቀብዬ አንድ ነገር ልዋሻት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ሄጄ በእውቀቱን ከክፍል ጠራሁት።

ሃንድአውቱን እንደያዘ ወጣ፣ ቅሏን አየ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ከብቱን አልጠየቃትም፣ ዝናቡን አልጠየቃትም።

“አዴ መሪየም፣ የለም” አላት። “እኛም ዘንድ ኖሮ አያውቅም። ያን ቀን አለ ያልኩዎት ዋሽቼ ነው።”

ቅሏን ቁልቁል አየቻት። “ያ ያመጣሁት ነበር የመጨረሻው?”

“አዎ።”

“እኔ የቆላሁት።”

ግድግዳውን በእጇ ደገፍ አለች፣ ወንበር ሳቀርብላት እምቢ አለች። ቅሏን ወደ ደረቷ አስጠግታ የቅሏን አፍ በመዳፏ ከደነች።

“ጣፈጠኝ ያሉት ግን?” አለችው በመጨረሻ። “እሱንም ለእኔ ሲሉ ነው?”

በእውቀቱ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አሸዋ ነበር ያለኝን እንዳልረሳሁ ያውቃል።

“እሱ እውነት ነው” አላት። “እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።”

“አልሃምዱሊላህ” አለች። “እንግዲያው በከንቱ አልሄደም።” ቅሏን በነጠላዋ ቋጠረች፣ ተሰናበተችን፣ ዝናቡ ሳይመጣ መኪና ልያዝ ብላ ወጣች። እስከ ውጭው በር ድረስ ሸኛት። ከጀርባው ሳየው አርጅቷል።

ተመልሶ ክፍል ገባ። ልጆቹ እስኪርቢቶ እንደያዙ እየጠበቁት ነበር።

“የት ላይ ነው ያቆምነው?” አላቸው።

ያቆመበትን ዐረፍተ ነገር አንዲት ቃል ሳይስቱ በአንድ ድምፅ መለሱለት፤ እሱም ከዚያ ቀጠለ።